ባለቤቱ በአካል ይቅረብ

ለተከበሩ የአውቶቡስ ድርጅቱ የጠፉና የተገኙ ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዋጋ የሌለው ዕቃ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለወንበርዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ወንበርዎን ለይቼ ማንሳቴ ዘጠኝ ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሼ ዘጠኙንም ጊዜ ያገኘሁት እሱን ብቻ በመሆኑ፣ ከእርስዎ ይልቅ ከእሱ ጋር ቤተሰብ ስለሆንን ነው። ከላይ «ባሉበት» ብዬ የጻፍኩትም ያሉበትን ስለማላውቅ ነው። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁት ለዚሁ ሲሆን፣ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ አንድ ቀን የሆነ ነገር ተጠቅልሎበት እጅዎ ይገባል የሚል ተስፋ አለኝ።

እኔ የመጨረሻው ፌርማታ ፊት ለፊት፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርም ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ከአውቶቡስዎ ሲወርድ ቦርሳውን ወንበር ላይ ረሳው። ሾፌሩ፣ እጁ ይባረክ፣ በማግስቱ ለክፍልዎ አስረከበ። በቦርሳው ውስጥ አንዱ ሽቦው በቢጫ ክር የታሰረ ጥቁር ጃንጥላ፣ የሻይ ፔርሙስ፣ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ እና የእናቴ መነጽር ነበሩ። እናቴ አምና ዐርፋለች።

እንግዲህ ቅሬታ ማቅረብ ምስጋና ቢስነት እንዳይመስልብኝ እየሰጋሁ፣ ክፍልዎ ያደረገልንን ሁሉ በተራ በተራ ዘርዝሬ ላመስግን።

አንደኛ፤ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ቅጽዎ «በቦርሳው ውስጥ የነበሩ ውድ ዕቃዎች ይገለጹ» ይላል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት አባቴ አራሚ ነው፤ አራሚ ደግሞ ቃል ሲሰጡት እንደ ሌላው ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ከአንድ ባለጉዳይ በተዋሰው መነጽር «ውድ» የሚለውን አይቶ ብዕሩን አገጩ ላይ አድርጎ ብዙ አሰበ፤ ከዚያም ባማረ የእጅ ጽሑፉ «አንድ መነጽር» ብሎ ጻፈ። ስልኩን አልጻፈም፤ ጃንጥላውንም ፔርሙሱንም አልጻፈም፤ አይወዳቸውማ። ቀጥሎ «የዕቃው ባለቤት» የሚል መስመር አገኘና፣ እዚያ ላይ ምንም ሳያስብ «ባለቤቴ» ብሎ ሞላው።

የመዝገብ ሠራተኛዎ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ማህተሙንም አንስቶ «ባለቤቱ በአካል ይቅረብ» ብሎ መታበት። አባቴም ማህተሙን ካየ በኋላ፣ እሷ በአካል የምትቀርብ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ነገር ቦርሳዬን አልረሳም ነበር አለው። እውነቱን ነው፤ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ወደ ኋላ ዞራ ወንበሩን የምታየው እሷ ነበረች። ሠራተኛዎ ግን ይህንን ቃል በቃል በመዝገቡ ላይ አስፍሮ፣ ከሥሩ «ባለጉዳዩ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደሉም» ሲል ፈረመበት። ቅጹን ለማረም የእርስዎ ፊርማ እንደሚያስፈልግም ነገረን። ዕድሜውን ሁሉ ሲያርም የኖረ ሰው አንዲት ቃል ለማረም የሰው ፊርማ ሲጠብቅ ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ስልኩ። በሦስተኛው ቀን ብቻዬን መጥቼ ሠራተኛዎ ፊት ቆሜ የአባቴን ስልክ ደወልኩ። ከጀርባው ካለው መደርደሪያ ላይ ጮኸ። እኔ በደስታ ልዘል ነበር፤ እሱ ግን ተረጋግቶ፣ ማንም ሰው ለማንም ሊደውል ስለሚችል ጩኸቱ ማስረጃ እንደማይሆን አስረዳኝ። እባክህ ወንድሜ ማን ነው የደወለው የሚለውን ብቻ እይልኝ ብዬ ለመንኩት። አየው። «ልጄ» ይላል። ሁሉም ሰው የሰው ልጅ ነው አለኝና መልሶ አስቀመጠው። ክቡርነትዎ፣ እንዲህ ያለ ፍልስፍና በአንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተደብቆ መቅረቱ ለአገር ጉዳት ነው፤ ዕድገት ቢሰጡት።

ይባስ ብሎ፣ በቅጹ ላይ ያልተጠቀሰ ስልክ ቦርሳው ውስጥ በመገኘቱ ቦርሳው የአባቴ ሊሆን እንደማይችል በጽሑፍ ተገለጸልን። ዕቃ ጎድሎበት የተከለከለ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዕቃ ተርፎት የተከለከለ ግን አባቴ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ፤ የሁሉም ራስ የሆነው፣ ግድግዳዎ ላይ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚቀየረው «የወቅቱ የዕቃዎች ግምት» የተሰኘ ወረቀት ነው። በእርግጥ ክፍልዎ ዕቃ ወደደ ተብሎ አይወቀስም። ዘመኑ ራሱ ሰው በእጁ ይዞት ለሚዞረው ነገር ዋጋ ሲጨምር፣ ለያዡ መጨመር ረስቷል። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ጃንጥላውን በር ላይ ያቆም ነበር፤ አሁን ይዞት ገብቶ አጠገቡ ያስቀምጠዋል፣ መቀመጫ ሲጠብም የሚነሳው ሰው ነው። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ደንበኞቼ ቁልፍ ቆጥረው ሰጥተውኝ ቆጥረው ይወስዳሉ። ሌባው እንኳ ሙያው ተለውጦበታል፤ ድሮ ገንዘቡን ወስዶ ቦርሳውን ይጥል ነበር፣ ባለፈው ወር ግን የጎረቤቴን ቦርሳ የነጠቀው ልጅ እግር ብሩን አውጥቶ «ለመሳፈሪያ ይሁንሽ» ብሎ መለሰላት አሉ።

ስለዚህ ደረጃ ማውጣታችሁ ተገቢ ነው። ሦስተኛ ደረጃ ዕቃ በፊርማ፣ ሁለተኛ ደረጃ በሁለት ምስክር፣ አንደኛ ደረጃ በደረሰኝና በዋስ ይወጣል፤ ቦርሳ ደግሞ በውስጡ ባለው በጣም ውድ ዕቃ ደረጃ ይስተናገዳል። መጀመሪያ ስንመጣ ቦርሳችን ሦስተኛ ደረጃ ነበር። የእርስዎን ፊርማ ስንጠብቅ የዝናቡ ወራት ቀረበና ጃንጥላው ወደ ሁለተኛ ከፍ አለ። ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩንና ቦርሳውን ያስረከበውን ሾፌር ምስክር አድርጌ ይዤ ስመጣ፣ ያ የአባቴ አሮጌ ስልክ፣ ባትሪው ስለማያልቅ ተፈላጊ ሆኗል ተብሎ በዚያው ጠዋት አንደኛ ደረጃ ገብቶ አገኘሁት። እኔ በአውቶቡስ እየመጣሁ ዕቃዬ በምን እየሄደ እንደሚቀድመኝ እስካሁን አልገባኝም።

ደረሰኝ አምጪ ተባልኩ። ስልኩን የሸጠልን ሱቅ ከፈረሰ ቆይቷል፤ በቦታው አሁን የመኪና ማቆሚያ አለ። ይሁን ብዬ ሄጄ የመኪና ማቆሚያውን ጠባቂ ጠየቅኩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው ብሎ አዝኖ ሸኘኝ። ዋስ አምጪ ስባል ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ እኔ አለሁ ብሎ አብሮኝ ተነሳ። ሠራተኛዎ ምን ንብረት እንዳለው ሲጠይቀው የዋህ ነውና ከኪሱ መቀሱን አውጥቶ አሳየው። መቀስ ከትናንት ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ የእሱም ደረሰኝ ያስፈልጋል ሲባል፣ መቀሱን መልሶ ከቶ ከቢሮዎ እንዴት እንደወጣ እኔም አላየሁትም። ከዚያን ቀን ወዲህ በአውቶቡስ አይሄድም፤ ሥራው ቅርብ በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል።

አራተኛው ምስጋናዬ አጭር ነው። ባለፈው ሰኞ በር ላይ የለጠፋችሁትን የጨረታ ማስታወቂያ አየሁ። ዘጠና ቀን የሞላቸው ዕቃዎች በመጪው ዓርብ ይሸጣሉ ይላል። የእኛም ተራ ደርሷል። ስልኩ አለ፣ ፔርሙሱ አለ፣ ቦርሳው ራሱም አለ፤ ሁሉም መነሻ ዋጋ ተጽፎላቸው የተከበሩ ሆነዋል። ጃንጥላው ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የጽሕፈት ግድፈት እንደሚሆን አልጠራጠርም። በመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «አሮጌ መነጽር፣ አንድ። ዋጋ የሌለው። የሚወገድ።»

እዚህ ላይ፣ ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን ለአንድ አፍታ ላስቀምጠውና ስለዚህ መነጽር ልንገርዎት።

አባቴና እናቴ ለሁለት አንድ መነጽር ነበራቸው። ሌላ ልግዛ ስል ሁለቱም ይቆጡኝ ነበር። ጠዋት ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ እሷ አንድ አምድ ታነብና መነጽሩን አውልቃ ትሰጠዋለች፤ እሱ ቀጣዩን ያነብና ይመልስላታል። ስህተት ያገኘ እንደሆነ ተራውን ሳይጠብቅ ይነጥቃታል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። እሷ ካረፈች በኋላም ልማዱን አልተወም። አንድ አምድ ያነብና መነጽሩን አውልቆ በእሷ በኩል ያስቀምጠዋል፤ ትንሽ ይጠብቅና መልሶ ያነሳዋል። እኔ ከጓዳ ሆኜ አያለሁ፤ ያየሁ አልመስልም።

ቦርሳው ከጠፋ በኋላ አዲስ መነጽር ገዛሁለት። ሐኪም አይቶት፣ ለዐይኑ ተለክቶ የተሠራ ነው። አድርጎት አንድ አምድ አነበበ፣ አወለቀው፣ በእሷ በኩል አስቀመጠው፣ አየው አየውና «ይሄ የእሷ ልክ አይደለም» አለ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ አልገለጠም። ጋዜጦቹ እንደታጠፉ በሩ ጥግ ተከምረዋል፤ ይህንን ደብዳቤ የያዘውም ነገ እላያቸው ላይ ይቀመጣል። ያሳዝነኛል፤ ደብዳቤዬ ውስጥ ስንት ስህተት እንዳለ የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ስለሆነም የምለምነው ይህ ነው። ስልኩ ይሸጥ። ፔርሙሱ ይሸጥ። ቦርሳውንም ከነክብሩ ለአሸናፊው ያስረክቡት፤ ወደ አንደኛ ደረጃ የወጣ ዕቃ ወደ እኛ ቤት ቢመለስ እሱም ይዋረዳል፣ እኛም ሌባ ወደ ቤታችን እንጠራለን። እኛ የምንፈልገው እናንተ ልትጥሉት ያሰባችሁትን ነው። ይህንንም ለሠራተኛዎ ጠይቄ ነበር፤ ዋጋ ለሌለው ዕቃ የተዘጋጀ የመረከቢያ ቅጽ ስለሌለ መጣል እንጂ መስጠት አይቻልም ብሎኛል። እንግዲያው ደንቡ እንዳይጣስ ይጣል፤ ብቻ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጣል ይነገረኝና ከሥር ቆሜ በቀሚሴ ልቀበለው። ሰፊ ቀሚስ አለኝ፤ ራሴ ነኝ የሰፋሁት።

ላደረጉልንና ገና ሊያደርጉልን ለሚችሉት ሁሉ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ደረጃዎ እንደ ስልካችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ከፍ እንዲል፣ ዋጋዎ እንደ መነጽራችን በማንም እንዳይታጣ እየተመኘሁ፣ በተሰለፍኩበት ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ዋጋ የሌለው ዕቃ ባለጉዳይ የሆነች ልብስ ሰፊ
(ስልኩ ላይ «ልጄ» የተባለችው)

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያሉበትን አላውቅም ማለቴ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ያ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ እኛ ባለጉዳዮች በሩ ላይ ተሰልፈን ነበር። ዘበኛው «ኃላፊው ናቸው፣ ኃላፊው ናቸው» እያለ ገፋ ገፋ አደረገንና እርስዎ በመሃላችን አለፉ። አንዲት ጠብታ አልነካችዎትም፤ ደስ አለኝ። ከራስዎ በላይ የዘረጉት ጥቁር ጃንጥላ አንዱ ሽቦው በቢጫ ክር የታሰረ ነው። ያንን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያን ቀን ጥቁር ክር አልቆብኝ ነበር። ደንብዎ ለሁለተኛ ደረጃ ዕቃ ሁለት ምስክር ይጠይቃል፤ በሰልፉ ላይ ወደ አርባ ሰዎች ነበርን፣ ሁላችንም በስብሰን ስለነበር በደንብ እናስታውሳለን። ቢሆንም ጃንጥላውን ይያዙት፤ ከእኛ ይልቅ ለእርስዎ ውድ እንደሆነ አይቻለሁ። ያ ክር ግን ብዙ ዝናብ አይችልም። የላላ ዕለት ሱቄ ይምጡ፣ በነፃ አጠብቅልዎታለሁ፤ መነጽሩን በኪስዎ ይዘው ከመጡ ደግሞ አባቴ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። ሰው መላክ ግን አይቻልም። የእኛም ሱቅ ደንብ አለው፦ ባለቤቱ በአካል ይቅረብ።