ኦቦ ቱፋ ያዩት የእሳት እራት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የፈተና እርማት ገና ግማሹ ላይ ነኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው። 9ኛ «ለ»ን ከክፍል አውጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ትልቁ ግራር ሥር አስተማርኩ፤ ስለ ነፍሳት።

ጥበቃው ኦቦ ቱፋ ከበሩ ተነሥተው መጡ። እኔ እዚሁ ት/ቤት ተማሪ እያለሁም በሩ ላይ ነበሩ። ልጆቹ ግንዱን እንዳይደገፉ ነገሩኝ። ጠዋት በሥሩ ሳልፍ ያየሁት ትልቅ ቢራቢሮ አርፎበታል አሉ፤ በዱላቸው አመለከቱኝ። ተመለከትኩ። ቅርፊት ብቻ። ደግመው አሳዩኝ። ምንም። ክፍሉ ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። የባዮሎጂ መምህርቷን።

«ኦቦ ቱፋ፣ ዓይንዎ የሌለ ነገርም ማየት ጀመረ እንዴ?» አልኩ።

ሳቁ ግቢውን ሞላው። እሳቸው ወደ በራቸው ተመለሱ። ደስ የሚል ክ/ጊዜ ነበር፤ ልጆቹ ነቅተው ዋሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ር/መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ኦቦ ቱፋ ባለፈው ሳምንት አንድ የበላይ ኃላፊ ሳያውቁት በር ላይ አቁመውታል። ዓይናቸው ስለደከመ በጡረታ ይሰናበቱ የሚል ሐሳብ አለ። አንቺስ ያየሽው ነገር አለ ወይ አሉኝ።

የትናንቱን አወራሁላቸው። ዱላ አያያዛቸውን ሳይቀር አስመስዬ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰው ማሳቅ ይጣፍጠኛል፤ ልማዴ ነው። ከዚያ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ፣ ይህንኑ ጻፊልኝ አሉ። ሦስት መስመር ጻፍኩ። ፈረምኩ።

አልዋሸሁም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፤ 4፡30፣ በረፍት

ማስታወሻዬ፣ ስሚኝ።

ለላብራቶሪ የሚሆን ቅርፊት ልልጥ ወደ ግራሩ ሄድኩ። ብቻዬን። እጄን ስሰድ ቅርፊቱ ተንቀሳቀሰ።

የእሳት እራት ናት። ሴት። የተዘረጋ ክንፏ ከመዳፌ ይሰፋል። መልኳ ቁርጥ ግራሩን፤ ግራጫ፣ ቡናማ፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ የሚመስል ጥቁር መስመር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል ጠፋች። ስጠጋ መጣች። ዙሪያዋን እንቁላሏን ደርድራለች፤ በአንድ ጀምበር የሚያልቅ ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለችዋ ክንፍ ካወጣች በኋላ አትበላም። እንቁላሏን ጥላ በቀናት ውስጥ ትሞታለች። በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም።

ያለችው ማክሰኞ ዱላቸው ያመለከተበት ቦታ ላይ ነው። እዚያው።

ፊቴ ጋለ። ቀና ስል ኦቦ ቱፋ ከበሩ ወደ እኔ ዞረው ቆመዋል። ይዩኝ አይዩኝ አላውቅም። ሄጄ «አዎ፣ አለች» ማለት ነበረብኝ። በመምህራን መጸዳጃ በኩል ዞሬ ገባሁ።

አርብ፣ ግንቦት 8

ር/መምህሩ ጋ ሄድኩ። ተሳስቻለሁ፣ እራቷ አለች አልኳቸው። ቃልሽ ከጡረታው ማመልከቻ ጋር ተያይዞ ወደ በላይ ሄዷል አሉኝ። ቃሌን አነሣለሁ ብዬ በጽሑፍ ካመጣሁ ይልኩታል። ግን ራሴን ነው የማስገምተው። የባዮሎጂ መምህርት፣ ጥበቃ ያየውን ማየት ያቃታት!

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ላስብበት! ምኑን?

ስወጣ ኦቦ ቱፋን «አካም ኦልተኒ» ብዬ ሰላም አልኳቸው፣ እንደ ሁልጊዜው። ራሳቸውን ነቅንቀው ብቻ መለሱልኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ልብስ አጠብኩ። ቤት ጠረግሁ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ፈሪ ነኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 10፤ ከሰዓት

ቅዳሴ ቆሜ አንድም ቃል ጆሮዬ አልገባም። ከቤ/ክ እንደወጣሁ ሙዝ ገዝቼ ባጃጅ ያዝኩ። የኦቦ ቱፋ ቤት በወንጂ መንገድ ነው። ባለቤታቸው በር ከፈቱልኝ፤ በርጩማ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አስቀመጡኝ። ምን እንዳደረግሁ አያውቁም። ይሄ ባሰብኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እራቷን፣ ሦስቱን መስመር፣ ፊርማዬን። ኦቦ ቱፋ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ቲቸር፣» አሉ፣ «ዓይኔስ እውነት ደክሟል። የሩቅ ሰው አልለይም። የቅርቡን ግን አያለሁ። ጡረታውም ይምጣ፣ ግድ የለም። ልጆቹ ናቸው የከበዱኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በበሩ ሲያልፉ ‹ኦቦ ቢራቢሮ› ይሉኛል። እኔ ዋሽቼ አላውቅም።»

ስለ ልጆቹ አልሰማሁም ነበር። «ይቅርታ» የሚለው ቃል አነሰብኝ። እሳቸው ናቸው ያዘኑልኝ። ሙዙን ለሁለት ከፍለው ግማሹን መልሰው ሰጡኝ፣ መንገድ ላይ ብይ ብለው።

እዚህ ሦስት ሰው ፊት የሚባል ይቅርታ አይበቃም። ያዋረድኳቸው በልጆቹ ፊት ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 11፤ ጠዋት 1፡50

ደብዳቤውን ለር/መምህሩ ሰጠሁ። ቃሌን አንሥቻለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ነው ይላል። አንብበው አጣጠፉት። ይላካል፣ ግን ተስፋ አልሰጥሽም አሉኝ። ሰልፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ለመንኩ። አንቺው ታውቂያለሽ ብለው ማይኩን ፈቀዱልኝ።

ማታ የምለውን በአማርኛም በኦሮምኛም ጽፌ ነበር። ኦሮምኛዬ ስብርብር ነው፤ ይሳቁብኝ። ወረቀቱን ትቼዋለሁ። ማስታወሻዬ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌሽ ነው የምጽፈው፣ መድረኩ ጥግ። ባንዲራው እየወጣ ነው። 9ኛ «ለ» ከፊት ተሰልፏል። ኦቦ ቱፋ በሩን ዘግተው ቆመዋል፤ ከዚያ ርቀት ፊቴን አይለዩትም። ድምፄን ግን

ጠሩኝ። ልሂድ።