የሀያት ቅጽ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል።

ከአጋሮ ዘጠኝ ጆንያ ጀንፈል ቡና ገባ። ሰባቱ ደርቋል። ሁለቱ እርጥብ ነው፤ ግቢ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እኔ ጆንያውን እይዛለሁ፣ ልጄ ሀያት የሚዛኑን ቁጥር ትጠራለች። ጠዋትም፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስም። ከአምና ጀምሮ እንዲህ ነው።

ደብተሬ፣ ፊደሌ እየተለቀ ገጽሽን ቶሎ እጨርሳለሁ። ታገሺኝ።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ትናንት ቅጽ አሳየችኝ። ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ? ወላጅ ፈርሞ እስከ ዓርብ ይመለስ ይላል። ሳትጠይቀኝ ማኅበራዊው ላይ ምልክት አድርጋለች። በእስክርቢቶ። ደስ አለኝ። ኢኮኖሚክስ ትማራለች፣ ንግዱን ትይዛለች፣ ከአጠገቤ አትርቅም።

ግን አልፈረምኩም። እስክርቢቶ የለኝም አልኳት። ሻሼ ውስጥ ተሰክቶ ነበር።

ማክሰኞ 5። ከሰዓት 10።

አጋሮ ደርሼ መጣሁ። ደላላው አባ ረሻድ፣ ዋጋ እንዳይወደድባቸው፣ የፈለጉትን ክምር አያዩም። ከጎኑ ያለውን ይዘግናሉ፣ ያሸታሉ፣ ያሞግሳሉ። የፈለጉት እግራቸው ሥር ነው። ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ።

“አባ ረሻድ፣ የረገጡትን ይግዙ እንጂ” አልኳቸው።

“ያ ረቢ! አንቺ እያለሽ ማን ያተርፋል?” ሳቁ።

ሚኒባስ ውስጥ ሀያት ትዝ አለችኝ። አምና ቡና እየለቀመች ኬሚስትሪ ስታነበንብ ጆሮዬ እስኪደክም ነበር። ከጳጉሜ ወዲህ ቃል የለም። ትናንት ስለ ኬሚስትሪ ስጠይቃት ደባሪ ነው አለች፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች። መጽሐፉ ጆንያ ላይ በደረቱ ተደፍቷል።

የፈለጉትን አለማየት። ከማን ተማረች? ከእኔ እንጂ።

ረቡዕ 6። ከሰዓት 11።

በገበያ ደንብ ሞከርኳት። አጣጣልኩ። ማኅበራዊ መምረጥሽ ብልህነት ነው፣ የተፈጥሮዎቹ ጠርሙስ ሲያጥቡ ነው የሚውሉት አልኳት።

“ኧረ እማ! የማታውቂውን ተይ እሺ!”

ከዚያ አላቆመችም። ስለ ሁለቱ እርጥብ ጆንያዎች፣ ስለ ሻጋታ፣ ውሃው ከፍሬው እንዴት እንደሚወጣ። እጇ ይወራጫል። ዓይኗ ያበራል። መሐል ላይ ነቃች። እጇን ሰበሰበች።

“ጨረስሽ?”

“ያዝሽኝ” አለች።

ምክንያቱን ቀስ ብዬ አወጣሁ። የተፈጥሮ ተማሪዎች ከሰዓት ላብራቶሪ ይገባሉ። ገበሬው ቡና በብዛት የሚያመጣውም ከሰዓት ነው። ታዲያ ሚዛኑን ማን ያነብልሻል አለች። ባለፈው ሚዛኑን ራሴ አንብቤ 68ን 88 ብዬ ጠርቼዋለሁ። በዝምታ ያረመችው እሷ ናት።

ዓይኔ መድከሙን ማንም ያላወቀ መስሎኝ ነበር። ሃያ ዓመት የሰው ፊት አንብቤ፣ የገዛ ልጄ ስታነበኝ አላየሁም።

ዓይኔ የእኔ ጉዳይ ነው አልኳት። በቁጣ ጀመርኩት፣ ቁጣው አልዘለቀም። አቀፍኳት። ፀጉሯ ጆንያ ጆንያ ይላል።

እዚያው ደረቴ ላይ ሆና ትደራደረኝ ጀመር። “መነጽር ካላደረግሽ ቅጹን አልቀይርም።”

“ኤዬ፣ አንቺ ነጋዴ!”

“ዛሬውኑ መልሺልኝ።”

ከተዛነፈ ሚዛን የባሰች ናት። ተስማማን።

ነገ፦ 2 ሰዓት ትምህርት ቤት። ንጹሕ ቅጽ መጠየቅ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ እዚያው መፈረም። ከዚያ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ መነጽር ቤት። ሁለቱ ጆንያዎች ፀሐይ ላይ ይቆዩ።