ሦስት ቁልፍ የምታውቅ መኪና

ይድረስ ለልጄ እጮኛ።

ሌላ የምጠራሽ ስም አጥቼ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ይሄ ሦስተኛው ነው። እሱ "እማ፣ ምራቴ በያት እንጂ" ሲለኝ "ሠርጉ ይቅደም" እያልኩ ሳበሽቀው የኖርኩት እኔው ነኝ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጀምሮሽ የነበረው የወገብ ሕመም ተወሽ? እናትሽስ ደህና ናቸው? እኔን ከጠየቅሽኝ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ዓይኔም መርፌ ላይ ክር ማስገባት አላቃተውም፤ ስለዚህ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሰባት ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት አኩርፌ አይደለም። እጄ ለመርፌ እንጂ ለእስክሪብቶ እንደማይፈጥን ታውቂያለሽ። አሁን ግን ያየሁትን ለሌላ ሰው ባወራው አበደች ይለኛል ብዬ፣ ላንቺ ልነግርሽ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ የመኪናዋ ነው። ልጄ ከሄደ ጀምሮ ግቢው ውስጥ እንደቆመች ናት። እኔ መንዳት አልችልም። ሊያስተምረኝ ሞክሮ አጥሩን ያፈረስኩ ጊዜ "እማ፣ ላንቺ የሚሆነው የስፌት መኪና ብቻ ነው" ብሎ ሲስቅብኝ አንቺም አብረሽ ስቀሻል።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፋነውን ልብስ የምናስረክብበት ቀን ስለሆነ ዘግየት ብዬ ነው የምገባው። ልጄ በሄደ በሁለተኛው ወር አንድ ሐሙስ ስገባ፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው ኮፈኑን በእጄ ዳበስ አደረግኩት። ሞቋል። ፀሐይ ነው እንዳልል ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ነው የዋለው። እጄን ሳላነሳ ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ጎረቤት እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ ስሙን ጠራሁት።

በሚቀጥለው ሐሙስም ሞቋል። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ማን እንደሆነ ማንንም አልጠየቅኩም። ሐሙስ ጠዋት ስወጣ የግቢውን በር ሳልቆልፍ መሄድ ብቻ ጀመርኩ። ያን ሙቀት ነክቼ ስገባ እህል ይዋጥልኝ ነበር።

ከዚያ በገዛ እጄ አበላሸሁት። አቧራ ለብሳ ሳያት አንጀቴ አልችል አለና አንድ ቅዳሜ አጠብኳት። ውጪዋን ብቻ አጥቤ በተውኩ። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲወለውል አይ ስለነበር፣ እኔም ከፍቼ በጎማ ውሃ ለቀቅኩባት፤ በሳሙና ጭምር። እሱን ሕፃን ሳለ እንደማጥበው ጥጋጥጓን ሳይቀር አሸሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር። በተከታዩም። በሦስተኛው የእሱን ቁልፍ ይዤ ገባሁና፣ እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት አዞርኩት። ክርር ክርር ትላለች እንጂ አትነሳም።

ሽቦ የምንለውን ቀጭኑን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የልጄን ጓደኛ፣ ታስታውሽዋለሽ። እሱን ጠራሁት። ሞተሩን የሚለኩሰው ሻማ ነው ብሎ ሻማ ፈታ፣ ቤንዚን አልደረሳትም ብሎ ፓምፑን ፈተሸ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለና "እናታችን፣ አገኘሁት! አንጎሏ ሞቷል" አለኝ።

ያንን ቃል ማን እንደነገረን አንቺም አትረሽውም። "ልቡ ይመታል፣ አንጎሉ ግን ሞቷል" ያለን ሐኪም። ስልኩ ከእጄ ወደቀ፤ እኔም የተቆረጠው ጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ሽቦ ያለው ነገር ዘግይቶ ሲገባው እየሮጠ መጥቶ፣ ስፌት ቤቱ በር ላይ ላብ በላብ ሆኖ "አፌን ይቁረጠው፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ማለቴ ነው፤ እኛ ስንጠራው አንጎል ነው የምንለው" አለኝ። አለቃዬ የቀረውን ቀን እንዳርፍ ፈቀደችልኝና አብረን ሄድን።

ከመጽሐፍ የማይበልጥ የብረት ሳጥን ነው። ሲከፍተው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። "ማነው ውሃ የለቀቀባት?" አለ። እኔ ነኝ አልኩት። "በሳሙና?" አለ። በሳሙና አልኩት። ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው።

በማግስቱ ከተጋጨች መኪና የተፈታ አንድ ዓይነት ሳጥን አምጥቶ ገጠመላት። አሁንም አልነሳ አለች፤ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። "ይሄ አንጎል ጤነኛ ነው፣ ግን አያውቀንም፤ የድሮ ቤቱን ቁልፍ ነው የሚጠብቀው" አለኝ። ለካ እያንዳንዱ ቁልፍ ጭንቅላት ውስጥ ምስር የምታህል ነገር አለች። መኪናዋ እሷን አይታ ካላወቀቻት ብረቱ ቢዞር ቢዞር ዋጋ የለውም። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ የሚከፍተው ብረቱ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል ስለው፣ "ከሞተው ላይ ትዝታውን አውጥቼ አዲሱ ላይ አሰፍረዋለሁ" አለኝ፤ ውሃ ላምጣልዎት እንደማለት ቀለል አድርጎ። አንቺ ልጄ፣ ይህን ቆሜ ነው ያየሁት። የሞተውን ሳጥን በጥርስ ብሩሽ አጸዳው፣ አደረቀው፣ ከዚያ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ገመዶች ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ማያው ላይ ሰማያዊ መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። ምን ምን ነው የሚያስታውሰው አልኩት። "ቁልፎቿን፣ ቤንዚን እንዴት እንደለመደች፣ እሱ እግሩን እንዴት ያሳርፍባት እንደነበር ሳይቀር" አለኝ። የልጄ እግር በዚያ መስመር ላይ እያለፈ ነው ማለት ነው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ከዚያ የማይጠየቅ ነገር ጠየቅኩት። ሐኪሞቹስ እንዲህ ማድረግ አይችሉም ነበር አልኩት። ሽቦ አጠገቡ የነበረ ትርፍ ገመድ ጠቀለለ፤ ጠቅልሎ ሲጨርስ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው።

ስለዚያች ቀን የማታውቂው አለ። "አንድ ሳምንት ብቻ ይጠብቁት" ብለሽ እግሬ ላይ ወደቅሽ፤ እኔ ግን ማሽኑ እንዲነቀል ፈረምኩ። "እንዴት አስቻለዎት? ምን አስቸኮለዎት?" አልሽኝ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። አንቺ ያየሽው ሁለተኛውን ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ላይ ፈራሚ የሚለው ቦታ የጻፍኩት የእሱን ስም ነበር። ስንት ዓመት የትምህርት ቤት ወረቀት ስሞላለት እጄ የለመደው እሱን ነው። ነርሷ ሌላ ሰጠችኝ። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ መርምሮ፣ ሦስቱንም ጊዜ ምንም የቀረ ነገር እንደሌለ ለብቻዬ ነግሮኛል። ላንቺ እንዳይደግምልሽ የለመንኩት እኔ ነኝ። ከተስፋ መቁረጥ ይልቅ እኔን መጥላት የሚቀልሽ መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ።

መስመሩ ሞልቶ ሲያበቃ ሽቦ ማያውን አይቶ "ሦስት ቁልፍ ነው የምታውቀው" አለኝ። "እዚህ ያለው ሁለት ነው፤ የእሱና መጠባበቂያው። ሦስተኛው ከጠፋ ልሰርዘው፣ ሌባ ካገኘው ያስነሳታል።" አልጠፋም አልኩት። "የት ነው ታዲያ?" አለኝ። እሱ የሰጣት ዘንድ ነው አልኩት። ሽቦም ቀጥሎ "ለነገሩ፣ ስድስት ወር የቆመች መኪና ባትሪ እንዲህ ሙሉ መሆኑ ገርሞኝ ነበር" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አዲሱን ገጥሞ ሲጨርስ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። አዞርኩት። ተነሳች! ሕፃን እንደተወለደ እልል ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ሽቦ ግን እጁን አንስቶ "አሁን ለሃያ ደቂቃ ማንም እንዳይነካት፤ ነዳጅ ሳይሰጧት፣ የማንም እግር ሳያርፍባት፣ ብቻዋን መተንፈስ እየተማረች ነው" አለኝ። መጀመሪያ ትንቀጠቀጥ ነበር። አንዴ ጠፋች ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተረጋጋች። ሃያውን ደቂቃ ሁለት እጄን ኮፈኑ ላይ ዘርግቼ ቆየሁ። ከእጄ በታች እየሞቀ፣ እየሞቀ መጣ።

ሁለተኛ ውሃ አላስነካትም፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው የምወለውላት። ሐሙስ እንደ ድሮው ዘግይቼ ነው የምገባው፤ ከዚያ በፊት ግቢው ውስጥ ሰው አይኖርም። በሩም አይቆለፍም። ሦስቱም ቁልፎች እንደሚሠሩ ሽቦ ምሎልኛል።

ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፣ የምትይዥውን ሁሉ ይባርክልሽ። እናትሽን ሳሚልኝ።

አማትሽ