ሚስተር ጊነል የሚባል ሰው የለም

ለ፦ የጠበቆች ቅሬታ ሰሚ መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ከ፦ ዊኒፍሬድ ኤንትዊስል፣ ሉም ስትሪት ቁጥር 12፣ ክላፍተን ብሪጅ፣ ላንክሻየር
ቀን፦ ኦክቶበር 9 ቀን 2023

ጉዳዩ፦ የቤቴ ሽያጭ ፋይል ከሩቁ ጠበቃ ተወስዶ ለቅርቡ ጠበቃ እንዲሰጥልኝ፣ እንዲሁም እኔ ቤት ይኖራል የተባለው ሰውዬ እንደሌለ እንዲታወቅልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ያቆምኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ጨርቅ ፋብሪካ ስገባ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ እንደ ወሬዬ ነው፣ ይቅርታዎን። የልጅ ልጄ ኬይሊ «እማማ፣ አቤቱታ ቁጥር አለው፣ ደግሞ አጭር ነው» ብላኛለች። ቁጥሩን አድርጌያለሁ።

1. ይህን ቤት ሸጬ ሞርካም ባሕሩ ዳር ካለችው እህቴ ከኖራ ጎን ያለውን ቤት ልገዛ ነው። ደረጃ የለውም፣ ጉልበቴ ይወደዋል። የኖራ ዓይን እየደከመ ነው፣ የሚያይላት ሰው ያስፈልጋታል። በሁለቱ ግቢ መሃል ያለውን አጥር ቆርጠን መተላለፊያ ልናበጅ ተስማምተናል፤ መቀሱን ሁሉ ገዝታለች፣ እንዳትነካው ለምኛታለሁ። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «እስከ ኦክቶበር 27 እጠብቅዎታለሁ፣ ከዚያ ካለፈ ለሌላ ሰው ነው» ብሎኛል። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሰዓት አክባሪ ነው፤ አውቶቡስ ነድቶ ነው ያረጀው።

2. አሁን ወደ ጠበቃው። በከተማችን አንድ ጠበቃ አለ፣ ሚስተር ሮውቦተም፣ ቢሮው ሥጋ ከነመረቁ በሊጥ ከሚጋግረው ፓይ ቤት በላይ ነው። አባቱም እዚያው ነበር ጠበቃ። ታዲያ ለምን እሱ ጋ አልሄድሽም ይሉኛል። እውነቱን ልንገርዎት። ሮውቦተም የጎረቤቴ የቤሪል የእህት ልጅ ነው። ቤሪል ቁጥር 14 ነው የምትኖረው፤ መሄዴን ገና አልነገርኳትም ነበር። ሮውቦተም አፉ ምስጢር ይጠብቃል፣ ፊቱ ግን አይጠብቅም። አክስቱ እሁድ ምሳ ላይ አንዴ ብታየው ሁሉንም ታነበዋለች።

3. ስለዚህ ኬይሊ ስልኳ ላይ ጠበቃ ስትፈልግልኝ «የሰፈርዎ ጠበቃ» የሚል ድርጅት ወጣ። ፎቶው ላይ እጅጌውን የሰበሰበ ሰውዬ ከኋላው ተራራ ይዞ ቆሟል፣ ተራራው ቁርጥ የእኛ። «ይኸው፣ ሰፈራችን ነው» አልኩና ፈረምኩ። ኋላ ነው የሰማሁት፤ ቢሮው ደቡብ፣ አገሩ የሚያልቅበት ጋ ነው። ሦስት ጊዜ ባቡር ይቀየራል። የቤቴን የድሮ ወረቀቶች በፖስታ ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ። ክሊፍ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እነዚያን ወረቀቶች በብስኩት ቆርቆሮ ነበር የሚያስቀምጣቸው። ቆርቆሮው እዚሁ ቀረ፣ ባዶውን።

4. ከዚያ ፎርም መጣ። አርባ ገጽ! አምፖሎቹን ትተዪያለሽ ወይ? የሽንት ቤት ወረቀት መስቀያውንስ? ከጎረቤት ጋር ተጣልተሽ ታውቂያለሽ? (በዚህኛው ላይ ተጨማሪ ወረቀት አያይዣለሁ።) እኔ እየተናገርኩ ኬይሊ ስልኳ ላይ ጻፈች። «ይዞታውን ከእርስዎ ጋር የሚጋራ አለ ወይ?» የሚለው ላይ ስንደርስ እንዲህ አልኳት፦ «ጊነል እኔና ቤሪል መሃል ነው። ድሮም እዚያው ነው። የትም አይሄድም።» ስልኳ ደግሞ ጊነልን ብድግ አድርጎ እንደ ሰው ስም በትልቅ ፊደል ጻፈው። መዘዙ እሱ ነው።

ምናልባት እርስዎም የደቡብ ሰው ከሆኑ፦ ጊነል ማለት በእኛ አገር በሁለት ቤት መሃል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። የቆሻሻ በርሜል ይገፋበታል፣ ዝናብ ይጠለሉበታል፣ ሰው ይታማበታል። ሌላ ሥራ የለውም።

5. በሁለት ሳምንቱ ሳፍሮን የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ጻፈችልኝ። «ዕድሜው ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ የሆነ ነዋሪ ሁሉ ቤቱን ለመልቀቅ መስማማቱን በፊርማ ማረጋገጥ አለበት። ሚስተር ጊነል የፓስፖርታቸውን ቅጂ እንዲልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።» እኔ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። መለስኩላት፦ «ልጄ፣ ጊነል መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ወርዱ አንድ ሜትር አይሞላም፣ ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው፣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይሸናበታል።»

መልስ መጣ። «ሚስተር ጊነል አረጋዊና የጤና እክል ያለባቸው መሆኑን ተረድተናል። እባክዎ የሚንከባከባቸውን ሰው ስልክ ይላኩልን።»

6. ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ ሳፍሮን መጣች። ድምፅዋ እንደ ማር ነው፣ ልጅቷን አልጠላኋትም። «የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም» አልኳት። «ወይዘሮ ኤንትዊስል፣ ስለ ሰው እንደዚህ መናገር በድርጅታችን አይፈቀድም» አለችኝ። «ኸረ በላዩ ላይ ነው የምንራመደው! ቤሪልም ትራመድበታለች!» ስላት ለሌላ ክፍል አስተላለፈችኝ፤ የሚበደሉ አዛውንቶችን ለሚመለከተው። እዚያ ያለው ሰውዬ በስሜ ፋይል ከፈተና ሚስተር ጊነል ምግብ የሚያገኙት በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «በቃ የለም! ሚስተር ጊነል የሚባል የለም!» ብዬ ጮህኩ። በማግስቱ ኢሜይል ደረሰኝ። በጥልቅ ኀዘኔ ተካፋይ መሆናቸውን ገልጸው የሞት ምስክር ወረቀት እንድልክ ጠይቀዋል።

7. አሁን የምጽፈው ለቢሮዎ አያስፈልግ ይሆናል፤ ግን ካልጻፍኩት ቀጥሎ ያለው አይገባዎትም። እኔና ቤሪል መሃል ነው ብዬ ስለነበር፣ መሞቱን ለማጣራት ይሁን ላዘኑት ቤተሰቦቹ እንጃ፣ በሚስተር ጊነል ስም ሁለት ደብዳቤ ላኩ፤ አንዱን ለቁጥር 12፣ አንዱን ለቁጥር 14። «በግል የሚከፈት» ይላል ላዩ። የሰው ደብዳቤ ማን ይከፍታል? ቤሪል ትከፍታለች። ውስጡ «ወይዘሮ ኤንትዊስል ቤታቸውን ሸጠው ወደ ሞርካም ስለሚሄዱ» ይላል።

በቤት ጫማዋ በጊነሉ በኩል መጣች። «አንቺ ዊኒ» አለችኝ፣ «አርባ አንድ ዓመት በር ለበር ኖረን መሄድሽን ከጊነል ልስማው?»

ምን ልበላት? ክሊፍ የሞተ ጊዜ የለቅሶውን ወንበር ሁሉ በዚያ ጊነል ተሸክማ ያመጣችው እሷ ናት፣ በዚያ ወገቧ። ማክሰኞ ማክሰኞ በርሜል አብረን ነው የምንገፋው። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በርሜሉ ይወጣል፣ ቃሉ አይወጣም። ድርጅቱ ይህን ሥራ ሳላዘው ሠርቶልኛል፤ ፋይሌ ላይ ካደረጉት ሁሉ ተፈጽሞ ያለቀ ይኼ ብቻ ነው።

8. ቤሪል ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ደብዳቤውን ደግማ አነበበችና ከት ብላ ሳቀች። «ፓስፖርት! ፎቶውን በምን ያነሱታል፣ አይገባም እኮ!» እያለች ክንዴን ይዛ ሮውቦተም ጋ ወሰደችኝ። ለጉልበቴ ሲል እሱ ወደ ፓይ ቤቱ ወረደልን። በአንድ እጁ ፓይ በአንድ እጁ ደብዳቤ ይዞ ሲያነብ መረቁ ኀዘናቸውን በገለጹበት ላይ ተንጠባጠበ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገና «እትዬ ዊኒ» አለኝ፣ «እኔ ይህን ሰውዬ በደንብ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ከብስክሌት ጥሎ ጉልበቴን የላጠኝ እሱ ነው።»

«መጀመሪያውኑ ለምን አልመጡም?» አለኝ ቀጥሎ። እኔ ቤሪልን አየሁ፣ እሷ ፓዩን አየች። እሱም ገባው መሰለኝ ወደ ደብዳቤው ተመለሰ። የጊነሉ ነገር በቤቱ የድሮ ወረቀት ላይ እንዳለ፣ ሁለቱም ቤት የመተላለፍ መብት እንዳለው፣ አባቱ ራሱ የጻፈው እንደሆነ ነገረኝ። ፋይሉና ወረቀቶቹ እጁ ከገቡ በአሥር ቀን ይጨርሰዋል። ይኸው ነው፣ አሥር ቀን።

ሮውቦተም ፋይሉን ጠየቃቸው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ያለ ነዋሪዎቹ ሁሉ ፊርማ፣ ማለትም ያለ ሚስተር ጊነል ወይም ያለ ሕጋዊ ወራሾቻቸው ፊርማ፣ ፋይሉን ለሌላ ጠበቃ ማስተላለፍ አንችልም።» ክቡር ኃላፊ፣ የጊነል ወራሽ ማነው? ሌላ ጊነል?

9. ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው እንደሚከተለው ነው፦

ሀ) ድርጅቱ ፋይሌንና የቤቴን የድሮ ወረቀቶች እስከ ኦክቶበር 16 ድረስ ለሚስተር ሮውቦተም እንዲያስረክብ ይታዘዝልኝ። ከዚያ አሥር ቀን ሲቆጠር 26 ነው። ሹፌሩ 27 ላይ በሩን ይዘጋል። አንዲት ቀን ናት የተረፈችኝ፣ እሷን እንኳን ለጉንፋን ይዣታለሁ።

ለ) ጊነል ከነዋሪዎች ዝርዝር ይሰረዝልኝ። ከሞቱት ዝርዝርም።

ሐ) ሰው አስርባለች ተብሎ በስሜ የተከፈተው ሌላው ፋይል ይዘጋልኝ። መጥቶ ማየት የሚፈልግ ካለ በደስታ አስጎበኘዋለሁ፣ ግን ቦቲ አድርጎ ይምጣ።

መ) «የሰፈርዎ ጠበቃ» የማን ሰፈር እንደሆነ ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ይኼ ለእኔ አይደለም፣ ከእኔ በኋላ ለምትመጣው አሮጊት ነው።

ካሣ አልፈልግም፣ ይቅርታ በሉኝም አልልም፤ ይቅርታማ በየኢሜይላቸው ግርጌ አለ። የምፈልገው ቀኑ እንዳያልፈኝ ነው። ኖራ መስኮት አጠገብ ከቆምኩላት አሁንም ፊቴን ታየኛለች። ሐኪሟ እስከ ገና በዓል ታያለሽ ብሏታል፣ ከዚያ ወዲያ ዋስትና አልሰጣትም። እሷ «ቶሎ ነይ፣ መጨማደድሽን ልይና ልሳቅብሽ» ትለኛለች። እኔም ሳትስቅብኝ እንዳትቀር ነው የምሮጠው።

10. የመጨረሻ ነገር። ያለ ሚስተር ጊነል ፊርማ ምንም ወረቀት አይንቀሳቀስም ስላሉ፣ ይኼኛውም እንዳይቆም ብዬ ዛሬ ጠዋት አስፈርሜዋለሁ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና ግድግዳው ላይ ደህና አድርጌ አሸሁት። ቤሪል ቆማ አይታለች። ከእሷ ቤት በኩል ባለው ግድግዳም ይፈረም ብላ ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው የፈረመው።

ከሰላምታ ጋር፣ ከጉልበት ሕመምና ከጥድፊያም ጋር፣

ዊኒፍሬድ ኤንትዊስል (ፊርማ)

ምስክር፦ ቤሪል ሃርግሪቭስ፣ ቁጥር 14 (ፊርማ)። ደብዳቤውን የከፈትኩት በስህተት ነው ብለሽ ጻፊልኝ ብላለች፤ ጽፌላታለሁ።

ሚስተር ጊነል፦ ከታች ያለው ቀይ የጡብ ጭረትና አረንጓዴው የድንጋይ ሽበት የእሱ ነው። ገና እርጥብ ስለሆነ ወረቀቱን ሲያጥፉ ይጠንቀቁ።