በቀን የምትዞር ጃርት

ማክሰኞ፣ ጁን 9

ልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ውስጥ የማስታምማቸው አምስት ትናንሽ ጃርቶች ተኝተዋል። ካልሲ የምናጥብበት ቦታ ጠፋ። ዊልፍ ሸሚዙን ፍለጋ ገብቶ ጣቱን ተነክሶ ወጣ። "አርባ ዓመት ባልሽ ሆኜ አንድ ቀን ምግቤን በሚዛን ለክተሽ ሰጥተሽኝ አታውቂም!" ቢመዘንለት የሚቀነሰው የራሱ ድርሻ ነው።

ኩስታርድ የተባለችው ጃርት አምስት መቶ አሥር ግራም ደረሰች፣ ሳሏም ቀለል ብሏል። ክረምብል በሣር መቁረጫ ማሽን የተላጠው ጀርባው እየጠገገ ነው። (የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቼ፣ ስም ሲጠፋኝ ከጣፋጩ ዝርዝር ነው የማወጣው።)

ማታ ማታ ጃርቶቼን "የቁንጫ አውቶቡስ" እያለ የሚያማው ጎረቤታችን ሚስተር ባግሾ ከሰዓት በኋላ በር አንኳኳ። በአንድ እጁ የጫማ ካርቶን፣ በሌላው ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የለጠፍኩት ወረቀት!

"'በቀን ስትዞር ያያችኋት ጃርት ታማለች። ሳታመነቱ አንሱና ለኤኒድ አምጡ' ይላል ወረቀትዎ። አመጣኋት።"

ደስ አለኝ... ማን ያምናል፣ ባግሾ! የሚለው ነገር ያለ ይመስል ነበር፤ አመስግኜ ሸኘሁት። ጃርቷ ጥቅልል ብላ አልፈታ አለች። ወፍራም ናት፣ መቼም በብርድ አልታመመችም። ፑዲንግ አልኳት። ነገ አያታለሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 10

ምነው ትናንት እጄ በተሰበረ።

ጠዋት ጎጆዋን ሳጸዳ ተፈታች። ሆዷን አየሁት። ጡቶቿ አብጠዋል፣ ዙሪያው ያለው ጸጉር ተልሶ ተኝቷል። ወተት አለባት። እናት ናት! አልታመመችም፣ ምንም አልሆነችም። ልጆቿ የት ናቸው? ዓይናቸው እንኳ ያልተገለጠ... አሥራ አምስት ሰዓት ሙሉ ያለ ወተት።

በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ባግሾ ፒጃማውን እንደለበሰ ከፈተልኝ።

"የት ጋ ነው ያገኟት?"

"ጓሮ፣ አዲሱ በረንዳ ሥር። አፏ ውስጥ ቅጠል ነበር።"

"ቅጠል! እና ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቁኝማ።"

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ቅጠል የያዘች ጃርት ጎጆ እያበጀች ነው፤ ይህን ደግሞ ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ።

ነገሩ ሲገባው መፈልቀቂያ ብረት ይዞ መጣ። በረንዳውን ፀደይ ሙሉ በገዛ እጁ ነው የሠራው፣ ሚስማሩን አንድ በአንድ እየቆጠረ። "ከየትኛው ጣውላ ልጀምር?" አለኝ። አንጀቴን በላው። እኔም በሆዴ "ፈልቅቀው!" እያልኩ ነበር። ግን ጎጆዋ ከተነካ እናት ልጆቿን ልትጥል ትችላለች፣ ልትበላቸውም ትችላለች።

"ያገኙበት ቦታ እንመልሳታለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም። እንጠብቃለን።"

ሣሩ ላይ አስቀመጥኳት። አገሩ የእንግሊዝ ደርቢሸር ነውና ያካፋል። ረጅም ጊዜ አልተነቃነቀችም... ከዚያ አፍንጫዋን አነሳች፣ በረንዳው ሥር ገብታ ጠፋች። ባግሾ በፒጃማው በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ጣውላው ላይ አጣበቀ።

"ይሰማል?"

"የራሴ ሆድ ይጮሃል።"

አርብ፣ ጁን 12

ምንም።

እሁድ፣ ጁን 14

ባግሾ የክብሪት ቀፎ ይዞ መጣ። በረንዳው ጠርዝ ላይ ነው ያገኘው። ውስጡ አውራ ጣቴን የማያክል የሞተ የጃርት ግልገል፣ ቀዝቃዛ። እናትየው አውጥታ ጥላዋለች።

በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። አይደለም አላለኝም። ስላላለኝ ወደድኩት። የክብሪት ቀፎውን ከደነና፣

"ሻይ አለሽ?" አለ።

ጽጌረዳው ሥር ቀበርነው። ከሻዩ በኋላ ፖስታ ቤት ሄጄ ወረቀቴን ላጥኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የወረቀቱ ደግሞ መስኮት ላይ ሦስት ዓመት ይለጠፋል።

ሌሎቹስ? ስንት ነበሩ? በሕይወት ካሉ ከአራት ሳምንት በፊት አይወጡም። ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለኝም። መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም!

ማክሰኞ፣ ጁን 23

ባግሾ የሚያስቀምጠው የድመት ምግብ ሌሊቱን ያልቃል። ፑዲንግ ትሆን? ወይስ የምር ድመት? ክረምብልን ወደተገኘበት መስክ መልሰነዋል። ሲሄድ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፣ ከሃዲ።

ዊልፍ "ባግሾ ዘንድ ትኖሪ ጀመር፣ ልብስሽን ልላክልሽ?" ይለኛል። በቀን አራት ጊዜ እየሄድኩ ሣሩን አያለሁ። እንቅልፌም ቀንሷል። አንዱን ገድያለሁ፤ ሁሉንም ገድዬ ቢሆንስ?

ረቡዕ፣ ጁላይ 8

እራት ልናነሳ ስንል ስልክ ጮኸ። ባግሾ ነው፤ በሹክሹክታ። "ነይ። ጫማ አታድርጊ።"

ፀሐይ አልጠለቀችም። የባግሾ ወጥ ቤት መስኮት ጋ ተደርድረን ቆምን፤ እኔ፣ እሱ፣ ማንኪያውን እንደያዘ የተከተለኝ ዊልፍ። መጀመሪያ ፑዲንግ ወጣች። ከኋላዋ አንድ... ሁለት... ሦስተኛው ተደናቅፎ ወደቀና እንደገና ተነስቶ ሮጠ። ባግሾ ክንዴን ጨመቀው፣ እስካሁን ያመኛል።

"አራተኛ አለ?" አለ።

አራተኛ የለም። ሦስት ናቸው። ሦስቱም ወፍራም! እጄ ሚዛኔን ፈልጎ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሳቅኩ፣ አለቀስኩም መሰለኝ፤ ዊልፍ ማንኪያውን ሰጠኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 16

ጠዋት ከኮረብታው ላይ አንዲት ሴት ደወለች። ጃርት በጠራራ ፀሐይ ስትዞር አየሁ አለች። "ካርቶን ውስጥ ከተሽ አምጪልኝ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ምን እያደረገች ነው?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ታመመች እንዴ?"

"እኔም አላውቅም። አትንኪያት፣ መጣሁ።"

ባግሾ በመኪናው አደረሰኝ። አጥሩ ሥር ሣር ላይ ተቀምጠን አርባ ደቂቃ አየናት። አትንገዳገድም፣ ዝንብ አልወረራትም። ገለባ በአፏ እየሞላች ወደ ማገዶው ክምር ትመላለሳለች፤ ሥር ገብታ ባዶ አፏን ትወጣለች፣ ደግሞ ትሞላለች። ሴትየዋ "በቃ? ዝም ብላችሁ ልትሄዱ ነው?" አለችን። በቃ።

ባዶ ካርቶን ይዤ ስገባ ዊልፍ አየኝና ፊቱ ተለወጠ።

"ሞተች?"

"ኧረ! ሥራ ላይ ናት።"