የአሳዳጊ ፊርማ

ኻርቱም፣ ቡሪ
ታኅሣሥ 2015

ውድ አብዱልወሃብ፣

ውድ ስልህ የትኛውን ውድ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ የሚወደደውንም፣ ዋጋው የማይቀመሰውንም ሆነህብኛል። ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ አለሁ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። እኔ ግን «አለሁ» ማለት ስለተከለከልኩ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። ስልክህን ዘግተህብኛል። ጎረቤታችን ጃፋር ነገ በአውቶቡስ ወደ ግብፅ ስለሚሄድ ደብዳቤውን በእጅህ ይሰጥሃል።

ቡሪ የመጣህ ጊዜ ወደ ሊቢያ ለመሻገር የምትጠብቅ፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ሲሚንቶ የምትሸከም የቀን ሠራተኛ ነበርክ። ከመንገደኛ ማን ደግ ነገር ይጠብቃል? አንተ ግን ዓርብ ዓርብ፣ እኛ ሐበሻ ሠራተኞች ከየሰው ቤቱ ለእረፍት በምንወጣበት ቀን፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ልጆቻችንን ሰብስበህ መረብ ኳስ ማስተማር ጀመርክ። መረቡን ከሽንኩርት ከረጢት የሰፋሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ታስነብባቸው ነበር፤ ያላነበበ ኳስ አይነካም። አማርኛ የጠፋባቸው ልጆች «አቀብዪኝ! አቀብዪኝ!» ሲባባሉ ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እነሱ እንደ አገሩ ልማድ አሰልጣኛቸውን «ካብቲን» ሲሉህ እኔም ካብቲን አልኩህ።

ኒዕማ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ጊዜ የእመቤቴ እህት ሕፃን የምትይዝላት ሠራተኛ ፈለገች። እኔም የምሠራው እዚያው አል-ጣኢፍ ሰፈር ነው፣ ልጄ ዓይኔ ሥር ትሆናለች ብዬ እሺ አልኩ። ይህን ሰምተህ ሥራ ቦታዬ በር ድረስ መጣህ።

«እታለም፣ ይቺን ልጅ የሰው ቤት ካስገባሻት መቼ ትወጣለች?»

«እኔስ መቼ ወጣሁ?»

«እሷማ ትወጣለች። ባሕሪ ለሴቶች ልጆች አዳሪ ቤት አለ። ያስተምራሉ፣ ያሠለጥናሉ። ኢንሻአላህ አስገባታለሁ፤ አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

ሰጠሁህ። የዚያን ቀን ማታ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሳምንቱ ቅጹን ይዘህ መጣህ። ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ እጄ አረፋ በአረፋ ነው። የእኔ አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ እንደሆነ፣ ፊደሉን ማንበብ እንደማልችል ታውቃለህ። «ኒዕማ የቲም ናት አይደል?» አልከኝ። አዎ አልኩህ። አባቷ ኢስሐቅ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እኛ ወሎዎች ደግሞ አባት የሞተበትን ልጅ እናቱ ብትኖርም የቲም እንለዋለን። «አሳዳጊዋስ አንቺ ነሽ?» አልከኝ። «ከእኔ ሌላ ማን አሳደጋት!» ብዬ ሳቅሁብህ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣ አሳዳጊ ያልከኝ ቦታ ላይ ፈረምኩ። ሁለቱም ቃል እውነት ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የቲም ማለት እናትም አባትም የሌላት ማለት ነበር፤ አሳዳጊ የተባልኩት እኔም አክስቷ ነበርኩ። በገዛ እጄ ሞቴን ፈረምኩልህ።

ይህን ያወቅሁት ከገባች በሁለተኛው ወር ነው። ሹራብና ብስኩት ይዤ ድልድዩን ተሻግሬ ልጠይቃት ሄድኩ። የልጃገረዶቹ ኃላፊ ኡስታዛ አሚና በሩ ላይ አስቁማ «ኢንቲ ሚኑ?» አለችኝ፣ ማን ነሽ ማለቷ ነው። አፌን ሳልከፍት ኒዕማ እየሮጠች መጣችና «ኻልቲ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። አክስቴ አለችኝ፣ ከሆዴ የወጣችው ልጅ! ጆሮዬ ላይ በአማርኛ «እማ፣ ዝም በይ። እናት ያላትን ያስወጣሉ ብሎኛል ካብቲን። በአላህ ዝም በይ» አለችኝ። ልቧ ሲመታ ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ኡስታዛ አሚናም ፈገግ ብላ «አህለን ያ ኻላ»፣ እንኳን መጣሽ አክስት ብላ አስገባችኝ።

ለካስ አውቀህ ነው! ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነገርከውን ለእኔ መንገር ለምን አቃተህ? እምቢ ትላለች ብለህ ነው? እኔ እንጃ፣ ምናልባት እሺ እል ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ስደውልልህ ምን አልከኝ? «እታለም፣ ወረቀት እኮ ነው፣ ዕድሏን አታበላሺባት። ስትጨርስ ኢንሻአላህ ይስተካከላል።» በሳምንቱ አንተ ሊቢያውን ትተህ ግብፅ ገባህ።

ያደረግከውን መካድ አልፈልግም። ኒዕማ ቁመቷ መዘዝ ብሏል፣ የእኔን መድኃኒት ማዘዣ ታነብልኛለች፣ እጇ በረኪና አያውቅም። ያንተ ዓርቦች ባይኖሩ ዛሬ የሰው ልጅ አዝላ ነበር። እኔን ግን የወላድ መካን አደረግከኝ። ወባ ይዟት ስድስት ቀን ስትተኛ ማንም አልነገረኝም፤ ለአክስት ማን ይደውላል? የምጠይቃትም በወር አንድ ቀን፣ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው።

ባለፈው ዓርብ የአዳሪ ቤቱ ረጂዎች ከውጭ መጥተው ልጆቹ ለእንግዶቹ መረብ ኳስ ተጫወቱ። እኔ ይብቃኝ፣ እናቷ ነኝ እላለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር የሄድኩት። የኒዕማ ቡድን አሸነፈ፤ እኔም እንደ ባዳ አጨበጨብኩ። ጨዋታው ሲያልቅ ኡስታዛ አሚና ልጄን መሐል ሜዳ ጠራቻት።

«ያላ ኒዕማ፣ ለሞቱት እናቶቻችሁ ዱዓ አድርጊ።»

ኒዕማ መዳፏን ዘረጋች። አየችኝ፤ የት እንደቆምኩ ታውቅ ነበር። ከዚያ በጠራ አረብኛ «ጌታዬ ሆይ፣ እናቴን ማራት፣ ቀብሯን አስፋላት» አለች። ድምጿ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። አንዴ እንኳ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ሮጬ በሄድኩ፣ ጮኼ በተናገርኩ። እንግዶቹ ያለቅሳሉ። አጠገቤ የቆመች ሱዳናዊት ክንዴን ነካ አድርጋ «አሚን በይ እንጂ፣ ያ ኻላ» አለችኝ።

አሚን አልኩ። በራሴ ቀብር ላይ ቆሜ፣ ከሰው ጋር፣ አሚን አልኩ።

አብዱልወሃብ፣ እኛ ዘንድ ሰው ነፍሱ ሳትወጣ ጎረቤቱም ጠላቱም አልጋው ሥር መጥቶ «ዐፉ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ ይለዋል። አንተ ሳትጠይቀኝ በቁሜ ቀበርከኝ። ልጄ እስክትጨርስ ሞቼ እቆያለሁ፤ ይህ ለእሷ የገባሁት ቃል ነው። አንተን ግን ዐፉ አላልኩህም።

የኒዕማ እናት፣
ሀጀራ