«እትዬ» የማይባልበት ግቢ

ጥር 7

ተራ ሰኞ። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም፤ አምስት ፎቅ በእግር። ሰርቨሮቹ ደህና አድረዋል። ጠዋት መስኮቱ ሥር የደረደርኳቸውን የአበባ ጣሳዎች ውሃ አጠጣሁ። የቢሮው ልጆች «እማማ ጫካ» ይሉኛል፣ እንደማልሰማ መስሏቸው። ይበሉ።

አለቃዬ ረቡዕ ስብሰባ አለን ብሏል። «አጭር ናት» አለ። በዚህ መሥሪያ ቤት አጭር ስብሰባ ታይቶ ይታወቃል?

ጥር 9

አጭር ነበረች። አልዋሸም።

እሱ ከላይኛው ፎቅ ሆኖ በስክሪን አሰናበተኝ። አንድ ደረጃ መውረድ ከብዶት! «የመዋቅር ለውጥ» አለ። «ላበረከትሽው ሁሉ እናመሰግናለን» አለ። ያንን ኔትወርክ ከመጀመሪያው ገመድ ጀምሮ የዘረጋሁት እኔ... ስብሰባው ሳያልቅ የይለፍ ቃሌ አልሠራ አለ። ማን እንደዘጋው አውቃለሁ፤ እኔው ያስተማርኩት ልጅ ነው። ደግሞ በደንብ ነው የዘጋው፣ ጎበዝ።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አሁን ማን ይቀጥረኛል?

ጣሳዎቼን ታክሲ ውስጥ ደርድሬ ወጣሁ። ሹፌሩ «አበባ ይሸጣሉ እንዴ?» አለኝ።

ጥር 10

ለእትዬ ነገርኳት። እናታችን ስትሞት ትንሽ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሰው ልብስ እየሰፋች ነው ያስተማረችኝ። «እህቴ ኢንጂነር ናት» ማለት ለእሷ እንደ ማዕረግ ነው፤ ዳቦ ቤት ቆማ እንኳ ሳትጠየቅ ትናገራለች።

የመጀመሪያ ቃሏ «ለሰው እንዳትናገሪ» ሆነ።

እኔ እያለቀስኩ እሷ ስለ ሰው ታስባለች! ተናድጄ ዘጋሁ።

የካቲት 3

ሥራ ፍለጋ። ሁሉም «ልምድዎ ለዚህ ቦታ ይበዛል» ይላሉ። አርጅተሻል ማለት አፍረው።

ጠዋት ባለቤቴ ጓሮ ድረስ መጣ። «ከተሰናበትሽ ወዲህ ቤት ውስጥ አይቼሽ አላውቅም» አለ። «እዚሁ አይደል የምትውይው? ለምን ሥራሽ አታደርጊውም?»

«ምኑን?»

«መትከሉን! ግቢ ማስዋቡን!»

ሳቅኩ። የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ቀልድ አይሆንለትም። አልሳቀም።

የካቲት 4

ለምን ሳቅኩ?

የካቲት 21

ገባሁበት! አካፋ፣ ዶማ፣ የእጅ ጋሪ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ። ፈቃድም ወጣ። አንድ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፤ ቁመቱ ለጉድ ነው፣ «ረጅሙ» እንለዋለን። እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ኢንጂነር» ይለኛል። አልከለከልኩትም። ደስ ይላላ!

መጋቢት 18

የመጀመሪያ ደንበኛ። የጥርስ ሐኪም፤ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለችውን መሬት። የጥብስ ቅጠል በረድፍ በረድፍ ተከልን፣ ለሽታው። ውሃውን አውቶማቲክ አደረግኩት። ሴንሰሩ አፈሩ ሲደርቅ ያውቃል፣ ቧንቧው ራሱ ይከፈታል፣ እኔ ከቤቴ ሆኜ በስልኬ አየዋለሁ። ረጅሙ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኮራሁ። በጣም ኮራሁ።

ሚያዝያ 2

ጉድ ፈላ።

የጥብስ ቅጠሉ በሙሉ ቢጫ ሆነ፣ ደርቆ ሳይሆን ሰምጦ! ሴንሰሩን የተከልኩት ለንጽሕና ብዬ ጣሪያው ጥግ ሥር፣ ምንም ውሃ የማይነካው ቦታ ላይ ነው። እሱ ሁልጊዜ «ደረቅ» ይላል፣ ቧንቧው ሁልጊዜ ይፈሳል፣ እኔ ደግሞ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን እያየሁ «ይኸው ይሠራል» እላለሁ! አንድ ቀን ሄዶ ጣትን አፈር ውስጥ መክተት ምን ያቅታል? አንድ ተክል ነቅዬ ሥሩን አሸተትኩት። ያ ሽታ... የበሰበሰ፣ የረጋ ውሃ። ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ።

ለሐኪሙ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። ምን ብዬ ልካድ?

«ጥርስ ቢሆን ነቅዬ እጥለው ነበር» አለኝ። ሁሉንም በራሴ ወጪ እንደገና ተከልኩ። ሴንሰሩን ረጅሙ ኪሱ ከተተው።

ግንቦት 6

ሐኪሙ ደወለ። ደግሞ ሞተበት ብዬ ነበር። የለም! «ለአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነግሬልሻለሁ፤ አጥፍታ ያልካደች ባለሙያ አለች አልኩት» አለኝ።

አድራሻውን ሲነግረኝ... የእትዬ ሕንፃ ነው! ከዚህ ሁሉ ከተማ!

ሄድኩ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው። ሁለት ሕንፃ፣ መሃላቸው ሰፊ ግቢ፣ ሣር የሚባል የለም። የተተከለው ሁሉ ይሞታል፤ ሦስት አትክልተኛ ሞክሮ ትቶታል። አንዱ ተከራይ ጥላው ነው ይላል፣ ሌላው የልጆች ኳስ፣ አንዷ ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እትዬ ደረጃ ላይ አገኘችኝ። ቦቲዬን አየች፣ አለፈችኝ። እንደማያውቁት ሰው!

ኋላ ደወለች። «በስተርጅናሽ አፈር ልትገፊ? ያውም በእኔ ግቢ?»

«ሥራ ነው እትዬ። የተከበረ ሥራ!»

«ጎረቤቱ ሁሉ ኢንጂነር እህት አለችኝ ስል ነው የሚያውቀኝ... ሥሪ እሺ። ግን ሰው ፊት እትዬ እንዳትዪኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እሺ እመቤት» ብዬ ዘጋሁባት።

ግንቦት 14

ተስማማን። በሩ በኩል ያለው ግማሽ ለሙከራ። ክረምቱን ካለፈ ነዋሪው ተሰብስቦ ይወስናል፤ የሁለቱም ሕንፃ ሙሉ ግቢ፣ የዓመት ሥራ። ከሞተ ዶማዬን ይዤ መሄድ ነው። ይሄ ከቀናኝ ድርጅት አለኝ እላለሁ። ካልሆነ... ካልሆነ የእትዬ ቃል እውነት ሊሆን ነው። አይሆንም!

ግንቦት 20

አገኘሁት! አገኘሁት!

ረጅሙ እንደሌሎቹ ዝም ብለን አዲስ አፈር እንድፋበት ነበር ያለው። እምቢ አልኩ። ኔትወርክ ሲበላሽ ዝም ብሎ ዕቃ አይቀየርም፤ መሃሉ ላይ ትቆምና ጥፋቱ ከዚህ ወዲህ ነው ከዚህ ወዲያ ትላለህ። ግማሹን ትጥላለህ፣ የቀረውን ደግሞ ለሁለት። ግቢው መሃል ጉድጓድ ቆፈርን፣ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋን። ሻይ ጠጥተን ብንመለስ ውሃው እንዳለ ነው። አጥሩ ጋ ቆፈርን፤ እዚያ ጠጣው። በመካከላቸው ቆፈርን፤ አልጠጣም። እንዲህ እያልን አጠበብነው።

ደግሞ ከመሃለኛው ጉድጓድ የሚወጣው ሽታ! ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። የሐኪሙ የጥብስ ቅጠል! እዚህ የሚሞተው ተክል ጠምቶት አይደለም፣ ሰምጦ ነው። ሰዉ ደግሞ ቢጫ ሲሆን ባየ ቁጥር ውሃ ይጨምርበታል።

ረጅሙ ዶማውን ሲያሳርፍ «ቀጭ» አለ። ግራጫ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሲሚንቶ። ሕንፃው ሲሠራ እዚህ ላይ አቡክተው፣ የተረፈውን እዚሁ ትተው፣ አፈር አልብሰውት ሄደዋል። ማን ያያል ብለው!

እየጮህኩ ሳለ እትዬ ዳቦ ይዛ ገባች። ቃሌን አከበርኩ። «እንደምን ዋሉ?» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

አንቱ! ገላዬን አጥባ ያሳደገችኝ ሴትዮ አንቱ አለችኝ! ረጅሙ «ጨዋ ሴትዮ ናቸው» አለኝ። በጣም ጨዋ፣ አልኩት።

ሰኔ 12

ሲሚንቶው አለቀ። በዲጂኖ እየፈነቀልን፣ ሌላ ሁለት ሰው ጨምረን። ከሥሩ ጠጠር አነጠፍን፣ የውሃ መውጫ ቦይ አወጣን፣ አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅለን መለስን። ሣር፣ ጽጌረዳ፣ ሁለት የሎሚ ችግኝ። የጥብስ ቅጠልም ተከልኩ። እልህ ነው።

ሰኔ 13

ወገቤን!

ሐምሌ 9

እጄ እስካሁን ይቀዘቅዛል ግን ዛሬን ሳልጽፍ አልተኛም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣለ ሳይሆን ወረደ። የጣሪያው አሸንዳ ከመጋጠሚያው ተነቀለና የሁለት ሕንፃ ውሃ በቀጥታ ሣሩ ላይ! ገና ሥር ያልያዘ ሣር! የግቢው ዘበኛ ደወለልኝ፣ ከረጅሙ ጋር በረርን። ሸራ ብንዘረጋ ነፋሱ ይነጥቀናል። ሦስተኛ እጅ ያስፈልግ ነበር... ዘበኛው ጥላ ይዞ «እግዚኦ» ይላል።

ቀና ስል እትዬ። በነጠላ ጫማ፣ በቤት ልብስ፣ ፀጉሯ ላይ ላስቲክ አስራ።

«እመቤት ይግቡ፣ ብርድ ይመታዎታል» አልኳት፣ ዘበኛው ስላለ።

«ዝም በይ! ያንን ጫፍ ያዢ! በዚያ በኩል! ኧረ በዚያ በኩል፣ አንቺ ልጅ!»

ዘበኛው ደነገጠ። «ይተዋወቃሉ እንዴ?»

«ምን ያገባሃል? ጥላህን ጥለህ ድንጋይ አቀብል!»

አቀበለ። የሸራውን ጫፍ በድንጋይ ያዝነው፣ ውሃውን ወደ ቦዩ መለስነው። ቦዩ ዋጠው! እንደሚውጥ አውቃለሁ፣ ግን ሳየው ጮህኩ። እትዬ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትንሽ አየችው። ከዚያ ደረጃውን ወጣች። በየደረጃው ጭቃዋ ቀርቷል፤ እኔ ነኝ የጠረግኩት።

አለቀስኩ። በዚያ ዝናብ ማን ይለየዋል?

ሐምሌ 11

ደወልኩላት። «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ዘጋችው። ስለሌላው ምንም። ዛሬም እንደምን ዋሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን...

ነሐሴ 20

የጥብስ ቅጠሉ አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል። ዝናቡ ሲዘንብ ይውላል፣ ግቢው ሲነጋ ውሃ የለም። እፎይ።

መስከረም 23

ስብሰባው ግቢው ውስጥ ነበር። ወንበር ተደረደረ። ሰብሳቢው «ይኸው በዓይናችሁ እዩት» አሉ። ሰዉ አየ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ነው። አንዷ ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት! ያቺው የሰው ዓይን ነው ያለችኝ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ዘና ስል ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጠበቃ እጁን አወጣ። «ሥራው ጥሩ ነው። ግን ሴትየዋን ማን ያውቃታል? ድርጅቷ የትናንት ነው። ዓመት ሙሉ የግቢያችንን ቁልፍ ለማናውቃት ሰው? ዋስ የሚሆናት አለ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል። እትዬ ከኋላ ተቀምጣለች። አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር፤ ግን እሺ ብያታለሁ። እሺ ብዬ ደግሞ... መሬት መሬት አየሁ። በውስጤ ግን ተናገሪ እላታለሁ። በናትሽ ተናገሪ!

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«እኔ አውቃታለሁ። እህቴ ናት።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ? እህቴ ናት! መርፌ ይዤ ያሳደግኳት! ከሥራዋ ሲያባርሯት አፈርኩባት። ሰው ፊት እትዬ እንዳትዪኝ አልኳት። አራት ወር ሙሉ እዚህ ፊታችሁ አንቱ ስትለኝ ከረመች። ተናዳ እንኳ አላመለጣትም፤ እኔ ነኝ ያመለጠኝ፣ ይኸው ዘበኛው ይመስክር። እስቲ ከእናንተ መካከል እንዲህ ቃሉን የሚጠብቅ ማነው? እርስዎ ነዎት፣ ጠበቃው? ዋስ ካላችሁ እኔ አለሁ።»

«እትዬ» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ ጮክ ብዬ ነው።

«አቤት» አለች። እንደ ልጅነቴ።

ሰዉ አጨበጨበ። ረጅሙ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፣ ነገ አልለቀውም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ዋስ ተገኘ፤ እጅ አውጡ» አሉ። ሁሉም አወጣ። ጠበቃውም!

ሁለቱም ሕንፃ የእኔ!

ኅዳር 4

አራት ግቢ ይዘናል። ስድስት ሰው ይሠራል። ጠዋት አለቃዬ ደወለ፤ የድሮው። ኔትወርኩ አስቸግሯቸዋል፣ «አንድ ሁለት ቀን ብትረጂን» አለ። ችግኝ እያራገፍኩ ነበር። «ጊዜ የለኝም፣ ያንን ልጅ ጠይቀው፣ በደንብ አስተምሬዋለሁ» አልኩት። መልሱን ሳልጠብቅ ዘጋሁ፤ ጣፈጠኝ። ክፉ ነኝ? ትንሽ።

እትዬ ሳትሾም ሥራ አስኪያጅ ሆናለች። ዳቦ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የሰው ደረጃ ላይ... ደንበኛ ይዛ ነው የምትመለሰው። ረጅሙ እኔን ሳይሆን እሷን ነው የሚፈራው።

ዛሬ አዲስ ደንበኛ ጋ ሳልጠራት ተከትላኝ መጣች። ትልቅ ቤት፣ የቤቱ ባለቤትና እንግዶቻቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ፣ የውሃ መስመር እየፈለግኩ።

«እርስዎስ ማን ነዎት?» አሏት ሰውየው።

«ታላቋ ነኛ!» አለች፣ መንገድ ላይ እስኪሰማ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ፦ «ነይ ውጪ እስቲ። እዚህ ጋ ቁሚ፣ ሰው ይይሽ።»

ወጣሁ። ከእግሬ እስከ ራሴ ጭቃ ነበርኩ፤ አጠገቧ ቆምኩ።